ጓዳ ሳይጎድል የሚመጣ ረሃብ፦ በእርጅና ዘመን ስለ ምግብ እጦት ከራሴ ሕይወት ያየሁት

ሰባ ዓመት ካለፈኝ ቆይቷል፤ የሥራ ዘመኔን የጨረስሁት ሒሳብ በማስተማር ነው። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ የምኖረው ብቻዬን ሲሆን፣ ልጆቼ በሌላ ከተማ የየራሳቸውን ቤት ይመራሉ። ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት በዚህ ዕድሜ የምግብ እጦት ምን እንደሚመስል የደረሰበት ሰው ራሱ ሲናገር እምብዛም ስለማይሰማ ነው። ስለ አረጋውያን ረሃብ የሚናገሩት በአብዛኛው ሐኪሞች፣ ተመራማሪዎችና ረጂ ድርጅቶች ናቸው፤ የሚሉትም ብዙውን ጊዜ ትክክል ነው። ነገር ግን ረሃቡ ወደ ቤት እንዴት እንደሚገባ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠራና ሰው ለምን እንደሚደብቀው ከውጭ ሆኖ ማየት አስቸጋሪ ነው። የእኔ ቤት ባዶ ሆኖ አያውቅም። ሰው መጥቶ ጓዳዬን ቢያይ የሚበላ ነገር ያገኝ ነበር፤ እኔ ግን ለረጅም ጊዜ በቂ ምግብ ሳልበላ ኖሬአለሁ፤ ክብደቴና አቅሜ ሲቀንስም በዙሪያዬ ያሉ ሰዎች «ዕድሜ ነው» ብለው አልፈውታል።

ነገሩ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። የጡረታ ገቢ ባለበት ይቆማል፣ የዕቃ ዋጋ ደግሞ ከዓመት ዓመት ይጨምራል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት መጀመሪያ ላይ አይታወቅም። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች የሁለት ሰው ገቢ ነበረን። እርስዋ ስታርፍ ገቢው ወደ ግማሽ ወረደ፤ የቤት ኪራዩና የመብራቱ ሒሳብ ግን በግማሽ አልወረደም። በዚያው ሰሞን ለደም ግፊትና ለስኳር የምወስደው መድኃኒት ጨመረ። ወርሃዊ ወጪዬን በወረቀት ላይ ሳሰፍር አንድ ነገር ግልጽ ሆነልኝ፦ ኪራይ ቢዘገይ አከራይ ይጠይቃል፣ የመብራት ሒሳብ ባይከፈል ይቆረጣል፣ መድኃኒት ቢቋረጥ ሐኪም ይቆጣል፤ እራት ቢቀር ግን የሚጠይቅ የለም። ከወጪዎቼ ሁሉ ማንም ሳያውቅብኝ ልቀንሰው የምችለው ምግብን ብቻ ነበር። ብዙ አረጋውያን ወደዚህ ችግር የሚገቡት በዚሁ በር ይመስለኛል፤ ስንፍናም ሆነ አለማወቅ አይደለም፣ ሌላው ወጪ ሁሉ ጠባቂ ስላለው ነው።

ቅነሳው ሲጀምር ከመጠን አይጀምርም። ከሁሉ በፊት የሚመጣው ስጋት ነው፤ ወሩ ገና ሳይጋመስ «ያለው እስከ መጨረሻ ያደርሰኝ ይሆን?» የሚለው ሐሳብ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል፤ ገና ያልጎደለውን እንደ ጎደለ አድርጎ ማስላት ይጀመራል። ቀጥሎ የሚቀነሰው ዓይነት ነው። ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ፍራፍሬና ቅጠላ ቅጠል አንድ በአንድ ከሳህኑ ይወጡና ሆድ የሚሞላው፣ ዋጋውም ዝቅ ያለው የእህል ምግብ ብቻውን ይቀራል። ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱ ጊዜ መጠን ያንሳል፤ በመጨረሻ አንዱ የምግብ ሰዓት ጨርሶ ይቀራል። በእኔ ቤት መጀመሪያ የቀረው እራት ነበር፤ ቀደም ብሎ መተኛት ነገሩን ያቀለዋልና። ይህን ቅደም ተከተል ማወቅ የሚጠቅመው፣ አንድ ሰው ምግብ መዝለል ከጀመረ ችግሩ ከብዙ ጊዜ በፊት እንደ ገባ ስለሚያመለክት ነው። ልጆች ወላጃቸው ጦማቸውን ማደራቸውን ሲሰሙ ይደነግጣሉ፤ መደንገጥ የነበረባቸው ግን ወላጃቸው እንቁላልና ወተት መግዛት ያቆሙ ጊዜ ነው።

የስኳር ክትትል ወደማደርግበት የጤና ተቋም በሄድሁበት አንድ ቀን፣ ክብደቴን የመዘነችው ነርስ ካርዴ ላይ ያለውን የቀድሞ ቁጥር አየችና፣ «አባባ፣ ልብስዎ ሰፍቶዎታል፤ ጥቂት ነገር ልጠይቅዎት?» ብላ አንድ ወረቀት አወጣች። በወረቀቱ ላይ የነበሩት የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት በብዙ አገሮች የሚጠቀምባቸው 8 ጥያቄዎች ናቸው። ጥያቄዎቹ ባለፉት 12 ወራት ውስጥ በገንዘብ ወይም በሌላ አቅም ማጣት ምክንያት ስለደረሰ ነገር ነው የሚያነሡት፦ የሚበቃ ምግብ አይኖረኝም ብሎ መስጋት፣ ጤናማና ገንቢ ምግብ መብላት አለመቻል፣ ጥቂት ዓይነት ብቻ መብላት፣ አንድ የምግብ ሰዓት መዝለል፣ ይገባኛል ከሚሉት አሳንሶ መብላት፣ በቤት ውስጥ ምግብ ማለቅ፣ እየራበ አለመብላት፣ በመጨረሻም ቀኑን ሙሉ ሳይበሉ መዋል። የመጀመሪያዎቹን አምስት «አዎ» ብዬ መለስሁ። ምግብ ግን ቤቴ ውስጥ ጨርሶ አልቆ አያውቅም፤ ቀኑን ሙሉ ሳልበላም አልዋልሁም። «እየራበዎት ሳይበሉ ቀርተው ያውቃሉ?» ስትለኝ እውነተኛው መልሴ «የለም» የሚል ነበር፤ አይርበኝም ነበርና።

ነርሷ በዚህ መልስ ላይ ቆየች። ከእርስዋና በኋላ ካየኝ ሐኪም እንደተረዳሁት፣ በእርጅና የማሽተትና የመቅመስ ኃይል ይደክማል፣ ጨጓራ ምግብን ቀስ ብሎ ስለሚያስተላልፍ ሰው በጥቂት ጉርሻ የጠገበ ይመስለዋል፤ ከምንወስዳቸው መድኃኒቶች መካከልም የምግብ ፍላጎትን የሚዘጉ አሉ። ሐዘንና ብቸኝነት ደግሞ በዚህ ላይ ይጨመራሉ። ስለዚህ የአንድ ወጣት ሆድ ሲጎድልበት ይጮኻል፣ የሽማግሌ ሆድ ግን ዝም ሊል ይችላል። ወላጃችሁ «አልራበኝም» ሲሏችሁ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ አለመራባቸው ግን በቂ መብላታቸውን አያሳይም።

ያ መጠይቅ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ብዙ አገሮችን በአንድ መስፈሪያ ለመለካት የተሠራ ስለሆነ የአረጋውያንን ነገር ሁሉ እንዲይዝ መጠበቅም አግባብ አይደለም። ሆኖም ጥያቄውን የሚያቀርብ ሰው «ሌላ አቅም» የሚለውን በጥድፊያ ካለፈው፣ የእኛ ችግር ግማሹ ከወረቀቱ ውጭ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1996 በሮም የተካሄደው የዓለም የምግብ ጉባኤ የምግብ ዋስትና አለ የሚባለው ሰዎች ሁሉ በማንኛውም ጊዜ ለንቁና ለጤናማ ሕይወት የሚያስፈልጋቸውን በቂ፣ ከጉዳት ነፃ የሆነና ገንቢ ምግብ በአካልም በገንዘብም ማግኘት ሲችሉ ነው ብሏል። ለወጣት በአካል ማግኘት ማለት በአቅራቢያው ገበያ መኖሩ ነው። ለእኔ ግን ገበያው ቅርብ ነው፤ የተገዛውን ተሸክሞ ደረጃ መውጣት ነው የራቀው።

ይህን ጉዳይ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ፤ ከጽሑፉ ሁሉ ለልጆችና ለረጂዎች ይጠቅማል የምለው ይህ ነውና። ገንዘብ ከኪስ ወጥቶ ምግብ ሆኖ ሰውነት ውስጥ እስኪገባ ድረስ ብዙ እጅ ይጠይቃል። ገበያ የሚሄድ እግር፣ የዋጋውን ጽሑፍ የሚያነብ ዓይን፣ የሚሸከም ትከሻ፣ የጣሳውን ክዳን የሚከፍት የእጅ አንጓ፣ ምድጃው ዘንድ የሚያቆም ወገብ፣ እሳቱ መጥፋቱን የሚያስታውስ ልብ፣ የሚያኝክ ጥርስ፣ የሚውጥ ጉሮሮ ሁሉም በየተራ ያስፈልጋሉ። አንዱ ሲጎድል የቀሩት ከንቱ ይሆናሉ። የማውቃቸው አንዲት እናት በየወሩ ከበጎ አድራጊዎች ጥሬ እህል ይመጣላቸው ነበር፤ ከረጢቶቹ ግድግዳው ሥር ተደርድረው ነቀዝ ሲበላቸው፣ እርሳቸው የሚውሉት በሻይ ነበር። እጃቸው በአንጓ ብግነት ተኮማትሮ ማበጠር፣ መፍጨትና ማብሰል አልቻሉም። በረጂዎቹ መዝገብ ላይ እኒህ ሴት ምግብ ያገኙ ሰው ናቸው። ያስፈልጋቸው የነበረው የበሰለ ነገር፣ ወይም በሳምንት ጥቂት ሰዓት መጥታ የምታበስልላቸው ሰው ነበረች።

በእኔ በኩል የጎደለው ከገንዘቡ ሌላ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው ጥርሴ ነው፤ የታችኛው መንጋጋዬ ጥርሶች ከወላለቁ ወዲህ ሥጋና ጠንካራ ፍሬ ትቼ ለስላሳውን ብቻ እመርጥ ነበር፤ ለስላሳው ደግሞ በአብዛኛው ከእህል የተሠራው ነው። ሁለተኛው ለአንድ ሰው ማብሰል ነው። ለሁለት ሰው የሚሠራ ወጥ ለአንድ ሲሠራ በነዳጅም በጊዜም ያው ነው፤ ሲተርፍ ይበላሻል፣ በጥቂት በጥቂቱ ሲገዛ ደግሞ ይወደዳል። ትዳር ውስጥ ሳለሁ ማብሰሉ የእርስዋ ሥራ ስለነበረ፣ ከሞተች በኋላ እኔ የማውቀው ውኃ ማፍላትና የተሠራ ማሞቅ ነበር። ብቻቸውን የቀሩ ወንዶች ከመቼውም ይልቅ በዚህ ጊዜ ይጎዳሉ ብል አላጋነንሁም፤ የለቅሶው ሰሞን አልፎ ሰው ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ ያሉት ወራት ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ።

በሰውነት ላይ የሚደርሰውን ጉዳት በተመለከተ ብዙ ሰው የሚያስበው መክሳትን ነው። ከመክሳት የሚከፋው የጡንቻ ማለቅ ነው፤ ሐኪሞች ሳርኮፔኒያ የሚሉት ሲሆን፣ ጡንቻ በዕድሜ ብቻውን የሚቀንስ ቢሆንም በቂ ፕሮቲን ያልበላና የማይንቀሳቀስ ሰው ላይ ይፋጠናል። ለአዋቂ ሰው በጠቅላላው የሚመከረው ፕሮቲን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ሲሆን፣ በእርጅና ሰውነት ፕሮቲንን እንደ ቀድሞው ስለማይጠቀምበት የዘርፉ ባለሙያዎች ከ1.0 እስከ 1.2 ግራም ይላሉ፤ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ይህን ከሐኪሙ ጋር መወሰን አለበት። እንግዲህ ሒሳቡን ተመልከቱ፦ 60 ኪሎ የሚመዝን ሽማግሌ በቀን ከ60 እስከ 72 ግራም ያስፈልገዋል፤ አንድ እንቁላል የሚሰጠው ወደ 6 ግራም ገደማ ነው። ሰውነታችን የበለጠ በሚፈልግበት ዕድሜ ገቢያችን ያነሰውን ይገዛል። እኔ ነገሩን ያወቅሁት ከወንበር ስነሣ ነው፤ ያለ እጅ ድጋፍ መነሣት አቃተኝ፤ ቀጥሎ ደረጃው ከበደኝ፣ ደረጃው ሲከብደኝ ወደ ገበያ መውጣቱ ቀነሰ፣ መውጣቱ ሲቀንስ የምበላው ይበልጥ አነሰ።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚረሳው የመድኃኒትና የምግብ ጉዳይ ነው። ለስኳር ሕመም ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያሉ እንክብሎችን የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን ወስዶ ምግቡን ከዘለለ፣ የደሙ ስኳር ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። በእኔ ላይ ሌሊት ደርሶብኛል፤ ልብሴ በላብ ርሶ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ የመብራቱ ማብሪያ የት እንዳለ ጠፍቶኝ ነበር። ስኳር የበዛበት ሻይ አዳነኝ። ይህ በመውደቅ፣ ራስን በመሳትና ከዚያም በከፋ ነገር ሊያልቅ ይችላል፤ ስለዚህ ምግብ እያነሰው ያለ የስኳር ሕመምተኛ ነገሩን ለሐኪሙ መናገር አለበት፣ ሐኪሙ መድኃኒቱን ሊለውጥ ወይም ሊቀንስ ይችላልና። በራስ ፈቃድ ማቋረጡ ግን ሌላ አደጋ ያመጣል። ሜትፎርሚን የሚባለው መድኃኒት ደግሞ ለብዙ ዓመታት ሲወሰድ የቫይታሚን ቢ12 መጠንን ሊቀንስ ይችላል፤ በእርጅና የጨጓራ አሲድ ማነሱም ያንኑ ቫይታሚን ከምግብ ማግኘትን ያስቸግራል፤ ቫይታሚኑ ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚገኝ መሆኑ ሲጨመርበት፣ እንቁላልና ወተት የተወ አዛውንት በሦስት በኩል ይጎዳል። የእግር መደንዘዝና የመርሳት ነገር ሲመጣ ሁሉም በዕድሜ ይመካኛል፤ በደም ምርመራ የሚታወቅና የሚታከም ሊሆን እንደሚችል ግን የሚያስብ ጥቂት ነው። የውኃም ነገር እንዲሁ ነው፤ የጥማት ስሜት በዕድሜ ስለሚደክም፣ እስኪጠማ የሚጠብቅ ሽማግሌ ሳይጠጣ ይውላል።

በቤት ውስጥ ችግሩን ቀድሞ ለማየት አስቸጋሪ መሣሪያ አያስፈልግም። ነርሷ በእኔ ላይ የተጠቀመችበት አጭር የአረጋውያን የምግብ ሁኔታ መመዘኛ ስድስት ነገር ብቻ ነው የሚያየው፦ ባለፉት 3 ወራት የምግብ መጠን መቀነስ፣ በዚያው ጊዜ ክብደት መቀነስ፣ መንቀሳቀስ መቻል፣ ጽኑ ሕመም ወይም ከባድ ጭንቀት፣ የአእምሮ ሁኔታ፣ እንዲሁም ክብደት ከቁመት ጋር ሲመዛዘን። ከ14 ነጥብ 12 እና ከዚያ በላይ ደኅና ነው፤ ከ8 እስከ 11 ስጋት አለ፤ 7 እና ከዚያ በታች የምግብ እጥረት ጉዳት ደርሷል ማለት ነው። እኔ መካከለኛው ላይ ነበርሁ። ሚዛን በሌለበት ቦታ የባቱ ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ይለካል፤ በሰፊው ቦታው ከ31 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ማስጠንቀቂያ ነው። በ3 ወር ውስጥ ከ3 ኪሎ በላይ ሳያስቡት መቀነስም እንዲሁ። ቀበቶ ላይ አዲስ ቀዳዳ መብሳት፣ ቀለበት ከጣት መውለቅ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ መላላት፣ ይህ ሁሉ ለሚያይ ሰው ይናገራል።

ከሰውነቱ ይልቅ ልናገርለት የምፈልገው ግን ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የኑሮን ጥራት ሲያስረዳ ሰው ባለበት ባህልና እሴት ውስጥ ሆኖ፣ ከግቦቹ፣ ከሚጠብቀውና ከሚያሳስበው አንጻር ስለራሱ ሕይወት ያለው አስተያየት ነው ይላል፤ በ26 ጥያቄዎች የሚለካበት አጭር መጠይቁም አካልን፣ ሥነ ልቦናን፣ ማኅበራዊ ግንኙነትንና አካባቢን ያያል። የምግብ ማነስ በእኔ ሕይወት ውስጥ ከሁሉ በፊት የነካው ማኅበራዊውን ነው። ሰው ቤት መሄድ ተውሁ፤ የሄደ ሰው ተራውን መጋበዝ አለበት፤ እኔ ደግሞ የማቀርበው አልነበረኝም። የቀድሞ ባልደረቦቼ ሲጠሩኝ ጉልበቴን አመመኝ እያልሁ ቀረሁ። ሲደጋገም መጥራታቸውን ተዉ። ድሮ ደጋግመው የሚያንኳኩት ጎረቤቶቼ በሩ ቶሎ እንደማይከፈት ተረዱ፤ እንግዳ እንዳይመጣብኝ እቤት እያለሁ የሌለሁ እመስል ነበርና። ረሃቡ ብቻ ቢሆን ሰው ይረዳኝ ነበር፤ ረሃቡ ግን ከሚረዱኝ ሰዎች ለየኝ። ከመለየቱ ጋር ደግሞ መነጫነጭ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መጽሐፍ ይዞ አንድ ገጽ ደጋግሞ ማንበብ መጣ። ሐዘን ምግብ ይዘጋል፤ የምግብ ማነስ ሐዘንን ያከብዳል፤ የትኛው እንደሚቀድም በራሴ ላይ እንኳ ለይቼ መናገር አልችልም፤ ለመታከም ግን መለየቱ የግድ አልሆነም።

ለምን እንደደበቅሁት የሚጠይቁኝ አሉ። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያበላ የኖረ ሰው አብሉኝ ለማለት አፉ አይከፈትም፤ ልጆቹ በራሳቸው ኑሮ ሲቸገሩ እያየ ሸክም መሆን አይፈልግም። ሌላም አለ፦ መቸገሩ ከታወቀ ቤቱን ትቶ ከልጅ ጋር እንዲኖር ይወሰንበታል ብሎ ይፈራል። ብዙዎቻችን ከረሃቡ ይልቅ የምንፈራው በራሳችን ቤት በራሳችን መወሰን ማጣትን ነው። ልጄ በየምሽቱ እየደወለች «አባዬ፣ እራት በሉ?» ትለኝ ነበር፤ እኔም «በልቻለሁ» እላታለሁ። ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ የሚሰጥ ወላጅ የለም። በኋላ ነርሷ መክራት ይሁን በራስዋ አስባ፣ ጥያቄዋን ለወጠች፦ «ዛሬ ምን ሠሩ? ከየት ገዙት? ማን ተሸከመልዎት? ከትናንቱ ተርፎ ነበር?» ማለት ጀመረች። በዝርዝር የተጠየቀ ነገር ለመዋሸት አድካሚ ነው። ከሁሉ የረዳኝ ግን «አባዬ፣ ቤትዎን አይለቁም፤ የትኛው ሥራ ከብዶዎት እንደሆነ ብቻ ይንገሩኝ» ማለትዋ ነበር። ያን ጊዜ ተነፈስሁ።

ከዚያ በኋላ ያደረግነውን በአጭሩ እነግራችኋለሁ። ልጄ ከምትረዳኝ ገንዘብ ከፊሉን ለእኔ ከመላክ ይልቅ በአካባቢዬ ለምትኖር አንዲት ሴት እየከፈለች፣ እርስዋ በሳምንት ሁለት ቀን መጥታ ገበያ ትሄዳለች፣ አብስላም በጥቂት በጥቂቱ ከፍላ ታስቀምጣለች። ሁለት ቀን ተጋብዞ ሳህን ሙሉ ከመብላት ይልቅ ሳያቋርጥ የሚመጣ ትንሽ ነገር ሽማግሌን እንደሚያኖር ከዚህ ተረድቻለሁ፤ በበዓል ሰሞን የሚጎርፍ ስጦታ ደስ ያሰኛል እንጂ ስጋትን አያስወግድም። ሳህን ሙሉ ምግብ ገና ሳየው ስለሚያጠግበኝ በቀን ሦስቱን ጊዜ አምስት አድርገን መጠኑን አሳነስን። ሾርባው ላይ እንቁላል ይመታበታል፣ ገንፎው በውኃ ፈንታ በወተት ይሠራል፣ ጥራጥሬው በደንብ በስሎ ይፈጫል፣ ዘይት ይጨመርበታል፤ መጠኑ ሳይጨምር ጉልበቱ ይጨምራል። የጥርሴን ነገር ቀድሜ ባሠራው ኖሮ ብዙ ነገር በቀለለ ነበር፤ ለአዛውንት ወላጁ አንድ ነገር ብቻ መክፈል የሚችል ልጅ ቢያማክረኝ የጥርስ ሐኪሙን አስቀድም እለዋለሁ።

ከጎረቤቴ፣ እንደ እኔው ሚስቱን ከቀበረ ጡረተኛ ጋርም ምሳ አብረን መብላት ጀመርን። መጀመሪያ ያሰብሁት ወጪን ለመካፈል ነበር፤ ያገኘሁት ግን የምግብ ፍላጎቴን ነው። እርሱ በጣም ያወራል፣ ስለ ድሮ ሥራው አንዱን ታሪክ ስንት ጊዜ እንደነገረኝ እግዜር ይወቀው፤ እኔ ግን እርሱ ሲያወራ ሳህኔን ጨርሼ እገኛለሁ። ባልተመቸው ቀን ብቻዬን ስበላ ግማሹ ይተርፋል።

ከቤተሰብ ጋር ለሚኖሩ አዛውንትም አንድ ቃል ልጨምር፤ ከሰው ጋር መኖር ብቻውን አያድንምና። ብዙ ሕፃናት ባሉበትና ምግብ በሚያጥርበት ቤት አያቶች «እኔ በቃኝ፣ ለልጆቹ ይድረስ» እያሉ ድርሻቸውን ያሳልፋሉ፤ ቤተሰቡም ሽማግሌ ጥቂት ይበቃዋል ብሎ ያምናቸዋል። ሽማግሌ የሚያስፈልገው የምግብ ኃይል ከወጣት በመጠኑ ያንስ ይሆናል፤ የሚያስፈልገው ፕሮቲን፣ ቫይታሚንና ማዕድን ግን አያንስም። ስለዚህ ድርሻቸው ከጋራው ላይ ከመቀነሱ በፊት ተለይቶ ቢቀመጥ ይሻላል።

ከልክ ያለፈ የአመጋገብ ክልከላም ጉዳት አለው። ከብዙ ዓመታት በፊት «ጨው ተው፣ ቅባት ተው፣ ጣፋጭ ተው» የተባለ ሰው ክብደቱ እየወረደ እንኳ ያንኑ ዝርዝር እንደ ሕግ ይጠብቃል፤ በመጨረሻ የሚበላው ነገር ጣዕም የሌለው ስለሚሆን ይተወዋል። ክልከላው አሁንም ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪምን መጠየቅ መብት ነው። ለእኔ ግማሹ ተነሥቶልኛል። በተቃራኒው፣ ለብዙ ቀን ምንም ሳይበላ ወይም እጅግ ጥቂት እየበላ የቆየ፣ በጣም የከሳ ሰው ስታገኙ በርኅራኄ ተነሥታችሁ በአንድ ጊዜ ብዙ አታብሉት፤ በደም ውስጥ ያሉ እንደ ፎስፌትና ፖታሲየም ያሉ ማዕድናት በድንገት ወርደው ልብን ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ እንዲህ ያለ ሰው በጤና ተቋም ክትትል ሥር ቀስ በቀስ መመገብ አለበት። ሲውጥ የሚያስለው፣ ሳያስበው በፍጥነት የሚከሳ፣ ወይም በድንገት ግራ የሚጋባ ሽማግሌም ወደ ሐኪም እንጂ ወደ ምግብ ብቻ አይወሰድም።

ወደ ሐኪም ስትሄዱ ሁሉንም የመድኃኒት ዕቃ በከረጢት ይዛችሁ ሂዱ፤ የትናንትናውንና የዛሬውን ምግብ በወረቀት ጽፋችሁ አቅርቡ፣ ከዓመት በፊት የነበረውንም ክብደት ካወቃችሁት ተናገሩ። «የምግብ ፍላጎት የለውም» ከሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይልቅ ይህ ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል። አዛውንቱን ብቻቸውን የማነጋገር ዕድል እንዲሰጥም ጠይቁ፤ እኔ በልጄ ፊት ያላልሁትን ለነርሷ ብቻዬን ሳለሁ ነግሬያታለሁ።

ዛሬ ክብደቴ ወደ ቀድሞው ተጠግቷል፤ የእግሬ ኃይል ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ከወንበር ያለ እጅ ለመነሣት በየጠዋቱ እለማመዳለሁ፤ ፕሮቲን ብቻውን ያለ እንቅስቃሴ ጡንቻ እንደማይሆን ተነግሮኛልና። ገንዘቡም በቅቷል ማለት አልችልም፤ የወሩ የመጨረሻ ሳምንት አሁንም ከባዱ ነው። ስለዚህ ልጄ የምትልክልኝን ከጡረታው ጋር በወሩ መጀመሪያ እንዳትልክ፣ ወሩ ሲጋመስ እንድታደርገው ጠየቅኋት። የገንዘቡ ልክ ያው ነው፤ ሌሊት ተነሥቼ ማስላቱን ግን በአብዛኛው ትቻለሁ።